ያ ወረቀት ስለ መንጋጋዬ ምን ይላል?

ሐዋሳ ውስጥ የምሠራ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። ወደ እኔ የሚመጣው ሰው አብዛኛው ወገቡን፣ ጉልበቱን ወይም ትከሻውን የሚያመው ነው። መንጋጋውን አሞት የሚመጣ ጥቂት ነው፤ እሱም ቢሆን የሌላውን ሁሉ በር አንኳኩቶ ሲደክመው ነው የሚደርሰው።

ባለፈው ክረምት የመጣችው እህት እንደዚያ ነበረች። ልብስ ስፌት ላይ ትሠራለች፤ ዕድሜዋ ሠላሳዎቹ ውስጥ ነው። የቀኝ ጆሮ ግንዷን ሲያማት ሁለት ዓመት ሆኖታል። መጀመሪያ «ጆሮ ነው» ተብሎ ጠብታ ታዘዘላት። ቀጥሎ «ጥርስ ነው» ተባለና አንድ የመንጋጋ ጥርሷ ተነቀለ፤ ህመሙ ግን ከጥርሱ ጋር አልወጣም። ሰፈር ውስጥ «ብርድ መቷት ነው» እያሉ ጨርቅ አሙቀው አሠሩላት፤ ወጌሻም አሻት። በመጨረሻ ዘመድ ልትጠይቅ በሄደችበት ሌላ ከተማ፣ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ፊቷ ላይ ሽቦ ለጥፎ ለካትና በቀለም የታተመ ወረቀት ሰጣት። ወረቀቱ ላይ አራት የተርመሰመሱ መስመሮች፣ ከሥራቸው ደግሞ ቁጥሮች አሉ። «የቀኙ ጡንቻሽ ከግራው በላይ ይሠራል፤ የጥርስሽ አገጣጠም ነው ችግሩ፤ ጥርሶችሽ ተሞርደው መስተካከል አለባቸው» አሏት። ለዚያ የሚሆነውን ገንዘብ እያጠራቀመች ሳለ ነው የሥራ ባልደረባዋ ወደ እኔ ያመጣቻት።

ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ «ዶክተር፣ ይሄ ወረቀት ስለ መንጋጋዬ ምን ይላል?» አለችኝ።

ዶክተር አይደለሁም፤ ነገርኳት። ጥያቄዋ ግን ልክ ነበር። የዚያን ቀን ወረፋው ረጅም ስለነበር በጥድፊያ መለስኩላት፤ ከሄደች በኋላም አልቀለለኝም። እዚህ የምጽፈው ያኔ በእርጋታ ልነግራት ይገባኝ የነበረውን ነው።

መጀመሪያ መገጣጠሚያውን በእጃችሁ ተዋወቁት። ጠቋሚ ጣታችሁን ከጆሯችሁ ቀዳዳ ትንሽ ወደ ፊት አስቀምጡና አፋችሁን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። ከጣታችሁ ሥር አንድ ጉብ ያለ ነገር ሲንቀሳቀስ ይሰማችኋል። የታችኛው መንጋጋ አጥንት ጫፍ ነው። ከላዩ የራስ ቅል አጥንት አለ፤ በሁለቱ መካከል ደግሞ ዲስክ የሚባል፣ ጠንካራም ተጣጣፊም የሆነ ትራስ ተቀምጧል። አፍ መከፈት ሲጀምር የመንጋጋው ጫፍ ባለበት ይዞራል፤ ከፈት እያለ ሲሄድ ከነዲስኩ ወደ ፊት ይንሸራተታል። በር በማጠፊያው ይዞራል፣ መሳቢያ ወደ ፊት ይሳባል፤ ይህ መገጣጠሚያ ሁለቱንም ይሠራል። በዚያ ላይ ግራና ቀኙ በአንድ አጥንት የተያያዙ ናቸውና አንዱ ብቻውን መሄድ አይችልም። እንደ ጥማድ በሬ ናቸው፤ አንዱ ሲያነክስ የሌላውም አካሄድ ይበላሻል።

ዲስኩ ከቦታው ሸርተት ካለ አፍ ሲከፈት «ቀጭ» ይላል፤ ድምፁ ዲስኩ ተመልሶ ቦታው ሲገባ የሚሰማ ነው። መመለስ ሲያቅተው ደግሞ አፍ ግማሽ ላይ ይቆማል። ህመም የሌለው «ቀጭታ» ብቻውን ሕክምና አይፈልግም፤ ብዙ ጤነኛ ሰው አለው። ሦስት ጣታችሁን፣ ማለትም ጠቋሚውን፣ የመሐሉንና የቀለበት ጣታችሁን ደርባችሁ አቁማችሁ በፊት ጥርሶቻችሁ መካከል ማስገባት ከቻላችሁ አከፋፈታችሁ ደህና ነው ማለት ይቻላል። በሚሊሜትር ሲለካ ከ40 እስከ 50 አካባቢ ነው።

እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው አንድ ነገር አለ። «መንጋጋ ቆልፍ» የምንለው ቴታነስ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነገር ነው። ሚስማር ወግቶት ወይም ሌላ ቁስል ደርሶበት በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ መንጋጋው እየደረቀ የሚሄድ ሰው፣ አንገቱና ሆዱም የሚገታተር ከሆነ፣ ያለ አንዳች መዘግየት ሆስፒታል መድረስ አለበት። ዳገት ሲወጣ ወይም ሸክም ሲያነሳ ደረቱን ጨምድዶ ወደ መንጋጋው የሚወጣ ህመም የሚሰማውም እንዲሁ፤ እሱ የልብ ምልክት ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ጡንቻዎቹ። ጥርሳችሁን ግጥም አድርጋችሁ ነክሳችሁ መዳፋችሁን ጉንጫችሁ ላይ፣ ወደ ጆሮ ጠጋ አድርጋችሁ አሳርፉ። ጠጠር የሚለው ማሴተር ይባላል። ከጉንጭ አጥንት ተነስቶ እስከ መንጋጋ ማዕዘን ይወርዳል። በመጠኑ ትንሽ ነው፤ ጉልበቱ ግን ጤነኛ ሰው በመንጋጋ ጥርሱ 50 ኪሎና ከዚያም በላይ ጫና እንዲያሳርፍ ከሚያስችሉት ዋናው ነው። ሁለተኛው ቴምፖራሊስ ነው፤ ከጆሮ በላይ በራስ ጎን እንደ ማራገቢያ ተዘርግቷል። ሌሎቹ ሁለት ጥንዶች ቴሪጎይድ የሚባሉ ሲሆኑ ከመንጋጋው አጥንት በስተውስጥ የተሸሸጉ ናቸው። ከእነሱ አንዱ፣ የውጪኛው ቴሪጎይድ፣ መንጋጋውን ከነዲስኩ ወደ ፊት የሚስበው ነው። ይህን አስታውሱልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

አማርኛችን ጥርስን ከልብ ጋር ማያያዝ ያውቅበታል። መከራ የቻለ ሰው «ጥርሱን ነክሶ አሳለፈው» ይባላል፤ ቂም የያዘው «ጥርሱን ነክሶበታል» ይባላል። አባባል ብቻ አይደለም፤ ሥጋውም እንዲሁ ነው የሚያደርገው። ሰው ሲጨነቅ፣ ሲቆጣ ወይም ዓይኑን ተክሎ ሲሠራ ሳይታወቀው ጥርሱን ያጋጥማል። የመርፌውን መንገድ እየተከተለች ቀኑን ሙሉ የምትውል ልብስ ሰፊ መንጋጋዋን አታስታውሰውም። ጤነኛ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ሲያኝክና ሲውጥ የላይና የታች ጥርሱ የሚነካካበት ጊዜ ተደማምሮ 20 ደቂቃ ገደማ ነው። በቀረው ጊዜ ከንፈር ተገጥሞም ቢሆን ጥርስ ከጥርስ ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ተራርቆ ነው የሚያርፈው። አሁን ይህን ስታነቡ ጥርሳችሁ ተጋጥሟል?

ወረቀቱ ላይ የነበሩት መስመሮች የመጡት እንዲህ ነው። አንጎል «ንከስ» ሲል ትእዛዙ በአምስተኛው የራስ ነርቭ በኩል ወደ ጡንቻው ይወርዳል። አንድ የነርቭ ሴል የሚያዛቸው የጡንቻ ክሮች አብረው ይነሳሉ፤ በእያንዳንዱ ክር ላይም በጣም ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይሮጣል። በኃይል ስንነክስ ብዙ እንዲህ ያሉ ቡድኖች በየራሳቸው ምት ይነሳሉ፤ ሞገዳቸው ተደራርቦ፣ በስብና በቆዳ ውስጥ አልፎ፣ ደክሞ ፊታችን ላይ ይደርሳል። ቆዳ ላይ የተለጠፈው ኤሌክትሮድ የሚይዘው ያንን ነው። የልኬቱ ስም ኤሌክትሮማዮግራፊ ሲሆን ባጭሩ ኢኤምጂ ይባላል። በገበያ ቀን ከገበያው አጥር ውጭ ቆማችሁ ጫጫታውን እንደመስማት አድርጋችሁ አስቡት። ገበያው መድመቁንና መቀዝቀዙን ታውቃላችሁ፤ ማን ከማን ጋር እንደሚከራከር፣ ማን እንደተታለለ ግን ከዚያ ሆናችሁ አታውቁም።

የሚለካው ነገር ትንሽነት ራሱ አስገራሚ ነው። አንዱ የባትሪ ድንጋይ 1.5 ቮልት አለው፤ ይህም 1,500,000 ማይክሮቮልት ማለት ነው። ያረፈ ማሴተር ቆዳ ላይ የሚያሳየው ከ1 እስከ 2 ማይክሮቮልት አካባቢ ነው። በሙሉ ኃይል ሲነከስ ወደ መቶዎች ይወጣል። የግድግዳችን ሶኬት ደግሞ 220 ቮልት ሆኖ በሰከንድ 50 ጊዜ ይወዛወዛል። ማሽኑ ያንን የሹክሹክታ ያህል ድምፅ በዚህ ሁሉ ጩኸት መካከል ለይቶ መስማት አለበት።

ቆዳም ራሱ አስቸጋሪ ነው። በ1849 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የበርሊኑ ተመራማሪ ኤሚል ዱ ቧ ሬይሞን፣ ሰው ጡንቻውን በፈቃዱ ሲያጨማድድ የሚመነጨውን ኤሌክትሪክ ለመለካት ሲሞክር፣ ቆዳው አላሳልፍ ስላለው ክንዱ ላይ ውኃ አቋጥሮ የላይኛውን ልጣጭ እስከ ማንሳት ደርሷል። ዛሬ አልኮል ያስነካ ጥጥ ይበቃል። ወደ ጥርስ ሕክምናው ዓለም ልኬቱ የገባው ከመቶ ዓመት በኋላ ነው፤ አሜሪካዊው ሮበርት ሞየርስ ጥርሳቸው ያልተስተካከለ ልጆችን የመንጋጋ ጡንቻ በዚህ መንገድ መርምሮ ውጤቱን ያወጣው በ1949 ነበር።

እኔ ዘንድ ያለችው መሣሪያ ሁለት መስመር ብቻ ያላት ትንሽ ማሽን ናት። የገዛኋት ለጉልበትና ለትከሻ ነው። የዚያን ቀን ግን ለእህታችን አወጣኋት፤ ቁጥሩ እንዴት እንደሚወለድ በዓይኗ እንድታይ ብዬ ነው።

ወንበር ላይ ቀጥ ብላ ተቀመጠች፤ ጭንቅላቷ አልተደገፈም። ፊቷን ቫዝሊን ተቀብታ ስለነበር በአልኮል አጸዳሁላት። ጥርሷን እንድትነክስ ጠይቄ ጡንቻው የሚጠጥርበትን በጣቴ አገኘሁና በየጉንጯ ሁለት ሁለት ኤሌክትሮድ ለጠፍኩ። መሐል ለመሐል ሁለት ሳንቲሜትር የተራራቁ፣ የጡንቻውን ክር ተከትለው የተሰለፉ ናቸው፤ ማመሳከሪያ የሚሆነው አምስተኛው አንገቷ ሥር ተለጠፈ። ማሽኗን ስከፍታት መስመሩ ወፍራም ሆኖ ይርገበገባል። «ያመኛል ማለት ነው?» አለችኝ ደንግጣ። አይደለም። ከአጠገቧ ሶኬት ላይ የተሰካ የስልክ ቻርጀር ነበር። ነቀልኩት፤ መስመሩ ቀጠነ። ምራቋን ስትውጥ መስመሩ ዘሎ ተመለሰ። ፈገግ ስትል እንደገና ዘለለ፤ የፈገግታ ጡንቻዎች ለማሴተር ጎረቤት ናቸውና ጫጫታቸው አጥር ይዘላል። አንዱን ኤሌክትሮድ ነቅዬ ግማሽ ሳንቲሜትር ያህል ብቻ አሸሽቼ መልሼ ለጠፍኩት፤ የቀኙ ቁጥር ተለወጠ። ፊቷ ያው ነው፣ ጡንቻዋም ያው ነው፤ የተለወጠው የእኔ እጅ ብቻ ነው።

ቀኝ ከግራ በለጠ ሲባል መጀመሪያ መጠየቅ ያለበትም ይህ ነው። ከቆዳ ሥር ያለ የስብ ውፍረት፣ ጢም፣ ላብ፣ የኤሌክትሮዱ ቦታ፣ የጭንቅላት አቀማመጥ፣ ሁሉም ቁጥሩን ይለውጡታል። ስለዚህ የአንድን ሰው ማይክሮቮልት ከሌላው ሰው ማይክሮቮልት ጋር እንዲሁ ማወዳደር ትርጉም የለውም። ጥንቁቅ ለኪዎች መላ አላቸው፦ በመንጋጋ ጥርሶች መካከል ግራና ቀኝ የጥርስ ሐኪም ጥጥ ያስገቡና ሰውየው ለጥቂት ሰከንድ በሙሉ ኃይሉ እንዲነክስ ያደርጋሉ፤ ያንን 100 ብለው ይይዙታል። ከዚያ ጥጡን አውጥተው በጥርሱ ሲነክስ የሚወጣውን ከዚያ 100 ጋር ያነጻጽሩታል። ሰውየው ሚዛኑም ተመዛኙም ራሱ ሆነ ማለት ነው። እህታችን ይዛው በመጣችው ወረቀት ላይ እንዲህ ያለ ማነጻጸሪያ አልነበረም፤ ጥሬ ቁጥር ብቻ ነበር። ያረፈ ጡንቻዋ ደግሞ ግራው 1.6፣ ቀኙ 2.3 ይላል። ልዩነቱ ማሽኑ ራሱ ከሚያሰማው ጫጫታ ብዙም አይርቅም።

ከሁሉ በላይ ሰውን የሚያስገርመው ቀጥሎ ያለው ነው። አብዛኞቻችን የሚያም ጡንቻ ተጨማድዶ፣ ተወጥሮ፣ ከልክ በላይ እየሠራ ነው ብለን እናስባለን። ሐኪሞችም ለብዙ ዘመን እንዲሁ ያስቡ ነበር፦ ጡንቻው ይጨማደዳል፣ ያማል፣ ስለሚያም የበለጠ ይጨማደዳል የሚል አዙሪት። ይህ እውነት ቢሆን ማሽኑ በታማሚዎች ላይ ከፍ ያለ ቁጥር ማሳየት ነበረበት። ሲለካ ግን በሙሉ ኃይል ንከሱ የተባሉ የመንጋጋ ታማሚዎች ብዙ ጊዜ የሚያሳዩት ከጤነኞች ያነሰ ቁጥር ነው። በ1991 ካናዳ ውስጥ ይሠራ የነበረው ተመራማሪ ጄምስ ለንድና ባልደረቦቹ ለዚህ ማብራሪያ አቀረቡ፦ ህመም ሲኖር አንጎል ሥራውን የሚሠራውን ጡንቻ ያለዝበዋል፣ እንቅስቃሴውን ያሳንሰዋል፣ ያዘገየዋል፤ የተጎዳውን ቦታ ለማስታመም ማለት ነው። ጤነኛ ፈቃደኞች ማሴተራቸው ውስጥ ጨው የበዛበት ውኃ ተወግተው ለጥቂት ደቂቃ ህመም ሲፈጠርባቸውም ንክሻቸው ይለዝባል። ቁርጭምጭሚቱ ወለም ያለው ሰው እንደሚያነክሰው ነው፤ የእግሩ ጡንቻ መድከሙ የህመሙ ውጤት እንጂ መነሻው አይደለም። ከዚያ ወዲህ የመጡ ተመራማሪዎች ነገሩ ከዚህም የተወሳሰበ እንደሆነ አሳይተዋል፤ ሰው ሁሉ በአንድ መንገድ አያስታምምም፤ አንዱ ጡንቻ ውስጥ እንኳ ሥራው ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ሊዛወር ይችላል። ያም ሆኖ «የሚያመው ጡንቻ የበዛ ቁጥር ያሳያል» የሚለው ቀላል ታሪክ አይቆምም።

ሌላው ጎን ደግሞ ይኸውና። በዚያው ሳምንት ለአንገቱ ሕመም የሚመላለስ አንድ የባጃጅ አሽከርካሪ ነበር። ከምሳ በኋላ የወንዶ ገነት ጫት ይቅማል፤ ሁልጊዜ በግራ ጉንጩ ነው፤ ለዓመታት። ግራ መንጋጋው ከቀኙ ጎላ ብሎ በዓይን ይታያል። ለማወዳደር ብዬ ጠየቅኩት፤ ፈቀደና ለካሁት። የግራው ቁጥር ከቀኙ እጅግ በልጦ ታየ። መንጋጋውን ያምሃል? አይ። ቀጭ ይላል? አይ። ሦስት ጣት? በደንብ ይገባል። ያቺ እህት ይዛው የመጣችው ዓይነት ወረቀት ለሱ ቢታተም ኖሮ «ከባድ ችግር» ተብሎ ይነበብ ነበር። (ጫት በአንድ ጉንጭ ለሰዓታት መያዝም፣ በውስጡ ያለው አነቃቂ ንጥረ ነገር ጥርስ ማስነከሱም ለመንጋጋ ሸክም ነው፤ ዛሬ ስላላመመው ነገም አያመውም ማለቴ አይደለም። ይህንኑ ነገርኩት።)

ወንፊት የሚጠቅመው ዱቄቱን አሳልፎ እብቁን ሲያስቀር ነው። ዱቄቱም እብቁም በአንድ ላይ ካለፉ፣ ወይም ሁለቱም ከቀሩ፣ ወንፊቱ ምንም ያህል ቢያምር ሥራውን አልሠራም። ለመንጋጋ መገጣጠሚያ ችግር የኢኤምጂ ቁጥር ዛሬ ያለበት ደረጃ ይኸው ነው፤ የታማሚውና የጤነኛው ቁጥር ይደራረባል። በ2010 የአሜሪካ የጥርስ ምርምር ማኅበር ይህን ጉዳይ በግልጽ አስቀምጦታል፦ ምርመራው በዋናነት በታማሚው ታሪክ፣ በአካል ምርመራና ሲያስፈልግ በምስል ላይ መመሥረት አለበት፤ የኤሌክትሮኒክ መለኪያዎች ታማሚን ከጤነኛ ለመለየት የሚያስፈልገውን ብቃት አላሳዩም። ሕክምናውም፣ የተለየ ምክንያት ከሌለ በቀር፣ በቀላልና ሊመለስ በሚችል ነገር መጀመር አለበት ይላል። ጥርስ መሞረድ አይመለስም። የተሞረደ የጥርስ ልባስ ተመልሶ አያድግም። እህታችን ያን ገንዘብ ሳትከፍል መምጣቷ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል።

ታዲያ ችግሩ በምን ይታወቃል? በ2014 የወጣው ዓለም አቀፍ የምርመራ መመሪያ የሚጠቀምበት ዋና መሣሪያ ጣት ነው። መርማሪው ማሴተርንና ቴምፖራሊስን በ1 ኪሎ ያህል ግፊት፣ መገጣጠሚያውን ራሱን ደግሞ በግማሽ ኪሎ ያህል ይጫናል። እኔ ይህን የተለማመድኩት በወጥ ቤት ሚዛን ላይ ነው፤ ሚዛኑ 1 ኪሎ እስኪል ጣቴን እየተጫንኩ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ደግሜ እየሞከርኩ። ዛሬም ታማሚ ከመምጣቱ በፊት አንድ ሁለቴ እጫነዋለሁ። ከዚያ የሚቀጥለው ጥያቄ «ያማል?» የሚል ብቻ አይደለም። «ይሄ ያው የምታውቂው ህመም ነው?» የሚለው ነው። በዚህ ልክ ከተጫኑት ማንኛውም ሰው የሆነ ነገር ሊሰማው ይችላል። ሁለት ዓመት ያሰቃየው ያው ህመም ጣት ሥር ከተነሳ ግን ምንጩ ተገኘ ማለት ነው። እህታችን የቀኝ ማሴተሯን መሐል ስጫን ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ «እሱ ነው፤ ወደ ጆሮዬ የሚሄደው እሱ ነው» አለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ቦታ የነካው ሰው አልነበረም፤ ወጌሻው እንኳ አንገቷን ነበር ያሸው። አፏ የሚከፈተው ሁለት ጣት ብቻ ነበር። ወረቀቷን ገልብጬ ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ ጻፍኩላት፦ «2 ጣት። ቀኝ ማሴተር ሲጫን ያው ህመም።»

ቀደም ሲል አስታውሱልኝ ያልኩት የውጪኛው ቴሪጎይድ እዚህ ላይ ይመጣል። ዲስኩ ከቦታው ሸርተት ሲል ሁሉም ስሙን የሚጠራው ጡንቻ እሱ ነው፤ ከቆዳ በታች ርቆ የተሸሸገ ስለሆነ ግን ፊት ላይ በሚለጠፍ ኤሌክትሮድ አይሰማም። እሱን ለመለካት መርፌ ወይም ቀጭን ሽቦ ወደ ውስጥ ማስገባት ያስፈልጋል፤ ይህም በምርምር ቤት እንጂ በየክሊኒኩ የሚደረግ አይደለም። ስለዚህ ጉንጭ ላይ ተለክቶ ስለ ዲስኩ የሚነገር ነገር ግምት ነው።

ይህን ሁሉ ስል ማሽኑን ልጥለው አይደለም። ወድጄው ነው የምሠራበት። ኢኤምጂ የት ቦታ ወርቅ እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ተመራማሪዎች ህመም እንቅስቃሴን እንዴት እንደሚለውጥ ያወቁት በሱ ነው። ጡንቻ ሲዝል የሞገዱ ምት እየዘገየ ይሄዳል፤ ድካምን ሰውየው ከሚናገረው ውጭ ማየት የሚቻለው በዚህ ነው። እንቅልፍ ውስጥ ጥርስ የሚያፋጭ ሰው ሌሊቱን በእንቅልፍ ምርመራ ክፍል ሲለካ፣ ማሴተሩ በየሰከንዱ ገደማ ደጋግሞ ሲመታ በግልጽ ይታያል፤ በአብዛኛውም ቀላል እንቅልፍ ላይ ሳለ ነው። በነገራችን ላይ ሌሊት የሚያፋጭ ሁሉ አያመውም፤ የሚያመውም ሁሉ አያፋጭም።

ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ግን እንደ መስተዋት ማገልገሉ ነው። እህታችንን ማሽኑ ላይ እንዳለች የስፌት ሥራዋን እንድታስብ፣ እጆቿንም ጨርቅ እንደያዘች አድርጋ እንድትዘረጋ ጠየቅኳት። መስመሩ ወዲያው ከፍ አለ፤ ከ2 ወደ 11። ጥርሷን ነክሳ ነበር። እሷ ግን አልታወቃትም፤ «አልነከስኩም እኮ!» አለች ስክሪኑን እያየች። ከዚያ «ን» የሚለውን ፊደል በል እንደሚባል ልጅ አድርጋ ምላሷን እዚያው ላንቃዋ ላይ እንድታቆይ አደረግኩ። እናንተም ሞክሩት፦ «ን» ስትሉ ምላሳችሁ ከላይኛው የፊት ጥርስ ኋላ ያርፋል፤ ጥርሶቻችሁም ይለያያሉ። መስመሩ ወረደ። አሥር ጊዜ አወጣነው፣ አሥር ጊዜ አወረድነው። ሰው ያላወቀውን ነገር መተው አይችልም፤ መስመሩ ያሳወቃት ያንን ነበር። እንዲህ ያለው ልምምድ፣ ከመዝናናት ሥልጠና ጋር ሲሆን፣ ለአንዳንድ ሰው ህመሙን እንደሚቀንስ ጥናቶች ያሳያሉ። ለሁሉም አይሠራም።

የቀረው ሕክምና ተራ ነገር ነው፤ ተራነቱም ሰውን ያሳዝነዋል፣ ትልቅ ማሽን ጠብቆ ስለሚመጣ። ለጥቂት ሳምንት ቆሎ፣ ሸንኮራ፣ ጥሬ ሥጋና ማስቲካ ይቅር፤ ሽሮ፣ ገንፎ፣ የአሞራ ገደል ዓሣ ሾርባ ይሁን። ሲያዛጉ እጅን ከአገጭ ሥር ማድረግ። ለብ ባለ ውኃ የተነከረ ፎጣ ጉንጭ ላይ፣ ጠዋትና ማታ። ቀስ ያለ የመክፈትና የመዝጋት እንቅስቃሴ። ስፌት መኪናዋ ላይ ትንሽ ቀይ ክር አሰረች፤ ክሩን ባየች ቁጥር «ን» ትላለች። አብዛኛው የዚህ ዓይነት ህመም በእንዲህ ያለ ነገር ይሻለዋል፤ ካልተሻለው ወደ አፍና መንጋጋ ሐኪም መሄድ ነው።

እንዲህ ያለ ልኬት የቀረበላችሁ እንደሆነ የሚለካችሁን ባለሙያ በአክብሮት ጠይቁት፦ ቁጥሬ ከምን ጋር ነው የተነጻጸረው? ነገ ደግሜ ብለካ ያው ይወጣል? ቁጥሩ ባይኖርስ በጣት ምርመራው ብቻ ምን ትለኝ ነበር? ጥሩ ባለሙያ በዚህ አይቀየምም፤ እንዲያውም ደስ ይለዋል።

በስድስተኛው ሳምንት ተመልሳ መጣች። እንደገና ለጠፍኩላት። ያረፈ ጡንቻዋ ያው ነው፤ 2 አካባቢ። ጥጥ አስነክሼ ስለካት ግን ቁጥሩ ከመጀመሪያው ቀን በላይ ወጣ። «ወይኔ፣ ጨመረ! ባሰብኝ ማለት ነው?» አለች። «አይደለም እህቴ፤ ሳትፈሪ መንከስ ቻልሽ ማለት ይመስለኛል» አልኳት። ኤሌክትሮዱን ያን ቀን የለጠፍኩበት ትክክለኛ ቦታ ላይ ስለመለጠፌ ግን እርግጠኛ አልነበርኩም፤ እሱንም ነገርኳት። ከዚያ ጣቴን ማሴተሯ ላይ አሳርፌ በ1 ኪሎ ልክ ተጫንኩ። ዝም ብላ ጠበቀች። «ይሰማኛል፤ ያ ግን አይደለም» አለች። የራሷን ሦስት ጣቶች ደርባ አፏ ውስጥ አቆመች፤ ጠበብ አሏት፣ ገቡ። ከቦርሳዋ ያን ወረቀት አወጣችና ገልብጣ ሰጠችኝ፤ ከመጀመሪያው መስመር ሥር ጻፍኩላት፦ «3 ጣት። ያው ህመም የለም።»